አይባችን ስም ይውጣለት



ይህን ጽሑፍ የምጀምረው ጥፋቴን በመናዘዝ ነው። ባለፈው ክረምት ከቤታችን በረንዳ ላይ አንድ የሸክላ ማሰሮ አነሣሁና በውስጡ የነበረውን ነገር የተበላሸ ምግብ መስሎኝ ደፋሁት። የደፋሁት የአያቴን መታታ ነበር። መታታ ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ አላውቅም። ዛሬ ግን ስላወቅሁ፣ ሌላውም እንደ እኔ ሳያውቅ እንዳይደፋ በማሰብ ይህን አሳቤን በመጽሔታችን ላይ ለማቅረብ ተነሣሁ። አንዳንድ ጓደኞቼ «ወንድ ልጅ ስለ አይብ ምን አገባው?» ብለው ይሥቁብኝ ይሆናል። ይሣቁ፤ ነገር ግን ሥቀው ሲያበቁ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ እለምናቸዋለሁ።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። አያቴ የጎጃም ሰው ናቸው። እግራቸውን ስላመማቸው ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ መጡና ገርጂ በሚገኘው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ከእኛ ጋር ተቀመጡ። ካመጡት ጓዝ መካከል አፉ በንጹሕ ጨርቅ የታሰረ አንድ ማሰሮ ነበረ። ሽታው ግን በጨርቅ የሚታሰር አልነበረም። ደረጃውን ወርዶ እስከ ጎረቤት በር ድረስ ስለ ደረሰ፣ እናቴ ሰውን ላለማስቀየም ብላ ማሰሮውን ወደ በረንዳ አወጣችው። አንድ እሑድ ጧት እነርሱ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳሉ፣ ቤት ላጸዳ ተነሥቼ ማሰሮውን ከፈትሁት። ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ወዲያው ወስጄ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገለበጥሁት፤ ማሰሮውንም በሳሙና አጥቤ በፀሐይ ላይ ደፋሁት፤ ከዚያም ምስጋና እየጠበቅሁ ተቀመጥሁ።

አያቴ ሲመለሱ ማሰሮውን አዩ። አልተቆጡም። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «አባቴ፣ አንተ አላጠፋህም። ጥፋቱ ሳልነግርህ የቀረሁት የእኔ ነው» አሉኝ። እኔም ደንግጬ «እምዬ፣ ነገ ከገበያ አይብ ገዝቼ አመጣልዎትና እንደገና ይሥሩት» ብላቸው፣ ፈገግ ብለው «የማንን ላም ወተት፣ በምን ዕቃ የተናጠውን አውቄ ነው የምሠራው? እሱ የገበያ አይብ አይደለም፤ የቤት አይብ ነው» አሉኝ። ይህ ቃላቸው በልቤ ቀረ።

ሆኖም ካሳ መክፈል አለብኝ ብዬ በማግሥቱ ወደ ሾላ ገበያ ሄድሁ። የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በሾላ ገበያ ቅቤና አይብ፣ ቅመማ ቅመምም ሞልቷል። መጀመሪያ ወደ ቅቤ ሻጮቹ ቀረብሁ። ገና አፌን ሳልከፍት አንዷ «የሸኖ ለጋ ነው፤ ቅመሰው» አለችኝ። አጠገቧ ያለችው ደግሞ የእርሷ ከየት እንደ መጣ ነገረችኝ። ቀጥዬም ወደ አይብ ሻጮቹ ሄጄ «የየት አገር አይብ ነው?» ብዬ ሦስቱን ጠየቅሁ። ሁለቱ ዝም ብለው አዩኝ። ሦስተኛዋ ግን «ልጄ፣ አይብ አይብ ነው፤ የምን አገር አለው?» አለችኝ።

እነሆ፣ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ተወለደ። ቅቤ አገር ካለው፣ ቡና አገር ካለው፣ ማር አገር ካለው፣ አይብ አገር የሌለው ስለ ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ በአእምሮዬ ይዤ ሳለሁ አጎቴ ከማድሪድ መጣ። ለእናቴ ስጦታ ይሆን ዘንድ ማንቼጎ የሚባለውን የስፔን ፎርማጆ ቁራጭ ይዞላት ነበር። ሽታው ከአያቴ መታታ ሽታ እምብዛም አያንስም። ነገር ግን ማንም ሰው ወደ በረንዳ አላወጣውም። በሸክላ ሳሕን ተደርድሮ፣ ትንንሽ ቢላዋ ተጨምሮለት ለእንግዶች ቀረበ። ሁላችንም በጥንቃቄ እየቆረስን «እንዴት ያለ ነገር ነው!» አልን። አያቴም ቁራጭ ቀምሰው «ደግ ነው፤ የበግ ወተት ነው መሰል» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ማንቼጎ የሚሠራው ከበግ ወተት ነው። ከቤቱ ሰው ሁሉ ምን እንደሚበላ ያወቀው፣ መታታው የተደፋበት ሰው ብቻ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ስለ ስፔን አይብ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ያነበብሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

ስፔን እንደ አገራችን ተራራና ሜዳ፣ ዝናምና ድርቅ የተቀላቀለባት አገር ናት። አይቧም እንደ መሬቷ የተለያየ ነው። በመካከለኛው ደረቅ ሜዳ በላ ማንቻ፣ ማንቼጋ ከሚባሉት በጎች ወተት ማንቼጎ ይሠራል። ይህ ሰርቫንቴስ በ1605 መታተም በጀመረው መጽሐፉ ዶን ኪሾቴን ያስጋለበበት ሜዳ ነው። በአይቡ ጎን ላይ የሚታየው የተጠላለፈ መስመር፣ ጥንት እረኞቹ አይቡን ይጨምቁበት የነበረው የሣር ጉንጉን ምልክት ነው። በሰሜን ዝናማማው በአስቱሪያስ ደግሞ ካብራሌስ የሚባለው አለ። ይህን ፒኮስ ዴ ኤውሮፓ በሚባሉት ተራሮች ቀዝቃዛና እርጥብ ዋሻዎች ውስጥ ስለሚያቆዩት ሰማያዊ ሻጋታ ያበጃል፤ ሽታውም ከሩቅ ይጣራል። በባስክና በናቫራ ያሉ እረኞች ኢዲያሳባል የሚባለውን የበግ አይብ ይሠራሉ። በጎጇቸው ውስጥ ከምድጃው አጠገብ ያስቀምጡት ስለ ነበረ ጢስ ጠጥቶ ይቆይ ነበር፤ ዛሬም ጢስ የገባው ዐይነት አለ። በኤክስትሬማዱራ ደግሞ ቶርታ ዴል ካሳር የሚባለውን ወተት የሚያረጉት ከእኛ ኮሸሽላ ጋር በሚመሳሰል እሾኻም ተክል አበባ ነው። በሜኖርካ ደሴት ማኦን የሚባል ባለ አራት ማዕዘን የላም አይብ፣ በካናሪ ደሴቶችም ማሆሬሮ የሚባል የፍየል አይብ አለ።

እንግዲህ ልብ አድርጉ፤ ዋሻ ያለው በዋሻ፣ ጢስ ያለው በጢስ፣ እሾህ ያለው በእሾህ አይቡን ሠራ። ይህን ያደረጉት የተማሩ ሰዎች አልነበሩም፤ ወተታቸው እንዳይበላሽባቸው የተጨነቁ እረኞችና ባላገሮች ነበሩ። የተማሩት ልጆቻቸው የሠሩት ሥራ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ስሙን በሕግ ማስጠበቅ ነው። ካብራሌስ በ1981፣ ማንቼጎ በ1984፣ ኢዲያሳባል በ1987 የትውልድ ስማቸው በደንብ ተጠብቆላቸዋል። በ1992 የአውሮፓ ማኅበር አገሮች ሁሉ ለእንዲህ ዐይነቱ ስም የጋራ ሕግ አወጡ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው የላም ወተት አርግቶ «ማንቼጎ» ብሎ ቢሸጥ ሐሰት ተናግሯል። ወተቱ የማንቼጋ በግ መሆን አለበት፤ በላ ማንቻ መሠራት አለበት፤ ትንሹ ቢያንስ 30 ቀን፣ ትልቁም ቢያንስ 60 ቀን መቆየት አለበት። በእያንዳንዱ ክብ አይብ ላይም ቍጥር ያለው ምልክት ይለጠፋል። አጎቴ ይዞት የመጣው ቁራጭ ወንዝና ባሕር ተሻግሮ ገርጂ ሲደርስ አባቱንና አገሩን የሚናገር የልደት ወረቀት ነበረው ማለት ነው። የአያቴ ማሰሮ ግን ምንም ወረቀት ስላልነበረው ቆሻሻ መሰለኝ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» እንደሚባለው፣ እኛ ስለ አይባችን የምናውቀው እጅግ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን አይብ የምናውቀው ከክትፎ ጎን ሲቀርብ፣ ወይም ዶሮ ወጥ ሲያቃጥለን ማብረጃ ሲሆን ነው። ከዚህም የተነሣ በኢትዮጵያ ያለው አንድ ዐይነት አይብ ብቻ ይመስለናል። ይህ ግን ስሕተት ነው።

መሠረቱ በርግጥ አንድ ነው። ወተት ለጥቂት ቀናት ይጠራቀምና ይረጋል፤ እርጎው ይናጣል፤ ቅቤው ይወጣል፤ የቀረው አሬራ በለስላሳ እሳት ላይ ይጣዳል፤ ሲቋጠር አጓቱ ይጠለላል፤ የቀረውም አይብ ይባላል። እንደ አውሮፓውያን ከጥጃ ወይም ከግልገል ጨጓራ የሚወጣ ማርጊያ አይገባበትም፤ ሥራውን ሁሉ የሚሠሩት የወተቱ መኮምጠጥና እሳቱ ናቸው። ነገር ግን ከዚህ መሠረት ተነሥቶ እያንዳንዱ አገር የየራሱን መንገድ ይዟል።

በጎጃም መታታ አለ። አያቴ እንደ ነገሩኝ፣ አይቡ አጓቱ ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ ይጠለላል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጥቍር አዝሙድና ሌላም ቅመም ይገባበታል፤ በማሰሮም ታፍኖ ይቀመጣል። በየጊዜውም የወጣው አጓት እየተወገደ አዲስ አይብና ቅመም ይጨመርበታል። ተራው አይብ በጥቂት ቀን ሲበላሽ መታታ ግን ለወራት ይቆያል። ይህም የባላገር እምነት ብቻ አይደለም። የአገራችን ተመራማሪዎች በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ቅመሞቹና ወተት አኮምጣጭ የሆኑት ባክቴሪያዎች ተባብረው አይቡን ከብልሽት እንደሚጠብቁት አስረድተዋል። ስለዚህ እኔን ያባረረኝ ሽታ የብልሽት ሽታ ሳይሆን የጥበቃ ሽታ ነበር።

በጉራጌ አገር አይብ ከቆጮ፣ ከጎመንና ከክትፎ ጋር የመስቀል በዓል ጌጥ ነው፤ ያለ እርሱ ገበታው ሙሉ አይሆንም። በደቡብ በቦረና ደግሞ ኢቲቱ አለ። ኢቲቱ በትክክል ስንናገር አይብ ሳይሆን የረጋና የጠጠረ ወተት ነው። ጎርፋ በሚባለው ከተክል ጭረት በተሠራ ጥብቅ ዕቃ ውስጥ ወተት ይጠራቀማል፤ አጓቱ ይወጣል፤ አዲስ ወተት ይጨመራል፤ እንዲህ እየተደረገ ለሳምንታት አልፎም ለወራት ይቆያል። ከብት አርቢው ሕዝብ በድርቅ ወቅት የሚደገፍበት ስንቅ ነው። የጎጃም ገበሬና የቦረና አርብቶ አደር ሳይተዋወቁ ለአንዱ ችግር አንድ ዐይነት መልስ ማግኘታቸው እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ ሁለቱም «ውሃውን አውጣ፤ አዲስ ጨምር፤ ታገሥ» አሉ።

ስለ ጢስም ቢሆን ከባስክ እረኞች አናንስም። እነርሱ አይቡን ሲያጥኑ፣ የእኛ እናቶች የወተቱን ዕቃ በወይራ ያጥናሉ። የወይራ ጢስ ለወተቱ መዓዛ ከመስጠቱም በላይ ወተት የሚያበላሹትን ተሕዋስያን ይቀንሳል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥበብ እያለን አይባችን ስለ ምን ስም አጣ? እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ እንዲህ ነው። በአገራችን የወተት ገንዘብ ቅቤ ነው። ቅቤ ሩቅ ገበያ ይሄዳል፤ ለምግብም፣ ለራስም፣ ለመድኃኒትም ይሆናል። አይብ ግን ቅቤው ከወጣ በኋላ የሚቀር ስለ ሆነ እዚያው ቤት ለልጆችና ለቤተ ሰብ ይቀራል። ስም ደግሞ የሚወለደው በመንገድና በገበያ ነው። ከመንደሩ ያልወጣ ነገር የመንደሩን ስም መያዝ አያስፈልገውም። ሸኖ ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ በደሴ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሲገኝ፣ ቅቤው በለገጣፎና በኮተቤ በኩል እየገባ የከተማውን ሰው ስላለመደ የሸኖ ስም በሁሉ አፍ ገባ። መታታ ግን በአያቴ ማሰሮ ውስጥ ቀረ።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ የሚያነሣቸውን ነገሮች አስቀድሜ ልመልስ።

አንደኛ፣ «አይብ ቶሎ ስለሚበላሽ ስም ቢወጣለት ምን ይጠቅማል?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ከተራው አይብ ክብደት ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው፤ በማንቼጎ ውስጥ ግን ውሃው ከግማሽ በታች ነው። አንዱ ባሕር ሲሻገር ሌላው ከሾላ ቦሌ ሳይደርስ የሚኮመጥጠው ስለዚህ ነው። ነገር ግን መታታና ኢቲቱ የዚህን ችግር መልስ አግኝተዋል ብያለሁ። መልሱን ያገኙትን ትተን በችግሩ ብቻ ማልቀስ አይገባንም።

ሁለተኛ፣ «እኛ ብዙ ጊዜ ስለምንጾም አይብ እንደ ፈረንጅ አገር ሊስፋፋ አይችልም» የሚሉ አሉ። በርግጥ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ጾመኛው ሕዝብ ወተትና የወተት ተዋጽኦ የማይቀምስባቸው ቀኖች ሲደመሩ የዓመቱን እኩሌታ ገደማ ይሆናሉ። ነገር ግን ሰው ሲጾም ላሚቱ መታለቧን አታቋርጥም። የማይጠጣ ወተት በየቀኑ የሚያጋጥመው ቤት፣ የሚቆይ ምግብ መሥራት ከሌላው ይልቅ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጾም የሚቆይ አይብ ጠላት ሳይሆን እናቱ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ይኸውም የንጽሕና ነገር ነው። የቤት አይብ ካልፈላ ወተት ስለሚሠራ፣ ዕቃውና እጁ ንጹሕ ካልሆነ በሽታ ያመጣል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ስም ከወጣለት ሕግ ይከተለዋል። ዛሬ በገበያ አይብ በላስቲክ ተቋጥሮ ሲሸጥ ማን እንደ ሠራው አይታወቅም፤ ቢበላሽ የሚጠየቅ የለም። ስሙና መንደሩ ቢጻፍበት ግን አንድ ክፉ ሻጭ የመንደሩን ሁሉ ስም ስለሚያጠፋ፣ መንደሩ ራሱ ጠባቂ ይሆናል። ስም ክብር ብቻ አይደለም፤ ኀላፊነትም ነው።

በዚህ ነገር ከውጭ አገር ብቻ መማር አያስፈልገንም፤ ከራሳችን ቡና መማር እንችላለን። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚባሉት ስሞች በአሜሪካ አገር የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡለት ጠየቀ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ክርክር ሆነ፤ በ2007 ግን ስታርባክስ የተባለው ትልቁ ኩባንያ ከመንግሥታችን ጋር ስለ ስሞቹ ስምምነት ፈረመ። ያን ጊዜ የተከራከርነው ስለ ፍሬው አልነበረም፤ ስለ ስሙ ነበር። ስም ገንዘብ መሆኑን አገራችን በዓለም ፊት ከተናገረች በኋላ፣ ለአይብ ሲሆን «የምን አገር አለው?» ማለት ምን ይባላል?

ደግሞም የምንኖርበት ሰፈር በዚህ ታሪክ ውስጥ ባዕድ አይደለም። በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የርዳታ ድርጅት 300 ያህል የውጭ አገር የወተት ላሞችን ለኢትዮጵያ ሰጠ። በ1959 ደግሞ በዩኒሴፍ ርዳታ የመጀመሪያው የሙከራ ወተት ማቀነባበሪያ የተቋቋመው በዚሁ በእኛ አቅጣጫ በኮተቤ ነበር። በ1974 የተቋቋመውና ስለ አፍሪካ ከብት የሚመራመረው ዓለም አቀፍ ማእከልም ሰፊ ግቢውን የሠራው በዚሁ በምሥራቅ አዲስ አበባ ነው። በ1994 ከሌላ ተቋም ጋር ተዋሕዶ ስሙ ቢለወጥም ግቢው ዛሬም አለ። ይህ ማእከል በ1988 ስለ ባላገር ወተት አሠራር ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ አይብ በሚገባ ተጽፏል፤ 1 ኪሎ አይብ ለማግኘት 8 ሊትር ገደማ ወተት እንደሚያስፈልግ እንኳ ይነግረናል። የውጭ አገር ሊቅ የእናቶቻችንን ሥራ ለክቶና መዝኖ ሲጽፍ፣ እኛ ግን በዚያ ግቢ አጥር ሥር በየቀኑ እያለፍን አንድም ቀን እናቶቻችንን አልጠየቅንም።

የወተት ማቀነባበሪያ መምጣቱን አልነቅፍም። ንጹሕና የፈላ ወተት ለከተማ ልጆች ጤና ሰጥቷል፤ እኔም በእርሱ ያደግሁ ነኝ። ነገር ግን ወተት በላስቲክ ታሽጎ ወደ ቤት ሲገባ፣ ሌላ ነገር በዝምታ ከቤት ወጥቷል። መናጫው ወጣ፤ አሬራው ወጣ፤ ወይራው ወጣ፤ ከእነርሱም ጋር ዕውቀቱ ወጣ። ይህ ዕውቀት በእናቶችና በአያቶች እጅ ብቻ ያለ፣ በመጽሐፍም ብዙ ያልተጻፈ ነው። አንዲት አያት ስትሞት የሚዘጋው አንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ አንድ የመታታ ዐይነትም አብሮ ይቀበራል። በዘመናዊ ሱቆቻችን የባዕድ አገር ፎርማጆ በብርድ ሣጥን ተከብሮ ተቀምጦ የጎጃም መታታ በበረንዳ ሲደፋ፣ ያ ሥልጣኔ አይደለም፤ ድንቍርና ነው። ደፊው እኔ ስለ ነበርሁ ቃሉን ሳልፈራ እጽፈዋለሁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

ለተማሪ ጓደኞቼ፤ በሚመጣው ክረምት እያንዳንዳችን አያታችንን ወይም የጎረቤት እናትን እንጠይቅ። የምን ወተት ነው? በምን ዕቃ ይናጣል? ዕቃው በምን ይታጠናል? ምን ቅመም ይገባል? ስንት ቀን ይቆያል? በመንደሩ ቋንቋስ ስሙ ማን ይባላል? ይህን ጽፈን ለመጽሔታችን ብንሰጥ፣ በክፍላችን ውስጥ ከብዙ ክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ልጅ ስላለ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ትንሽ የአይብ ካርታ እናወጣለን። የሳይንስ ክበባችንም አይቡ በየቀኑ ምን ያህል እንደሚኮመጥጥ ሊለካልን ይችላል።

ለወላጆች፤ አይብ ስትገዙ «የየት ነው? ማን ሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። ገዢ ካልጠየቀ ሻጭ አይመልስም። እንግዳ ሲመጣም የአያትን ማሰሮ አትደብቁት፤ ከፎርማጆው አጠገብ በአንድ ሳሕን አቅርቡት፤ እንግዳው ይፍረድ።

ለባለ ሥልጣኖችና ለነጋዴዎች፤ ለቡና የተደረገው ጥረት ለወተታችንም ይደረግ። መጀመሪያ የአንዱ አካባቢ ሠሪዎች ይሰብሰቡ፤ ወተቱን፣ ዕቃውን፣ ቅመሙንና ቀኑን የሚወስን ደንብ እነርሱ ራሳቸው ያውጡ፤ ከዚያም ስሙ ይጠበቅላቸው። ላብራቶሪም ሆነ ፋብሪካ የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ሳይሆን «ሰፊ የወተት ሀብት አለን» እያልን መኩራት፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም የማላይ ከሚለው ተረት አያልፍም።

ከመፈጸሜ በፊት የማሰሮውን ነገር ልጨርስ። እናቴ ብዙ ጠይቃ፣ በኮተቤ በኩል ላሞች ያረቡና እስከ ዛሬ ወተት የሚንጡ አንዲት እናት አገኘች። እኔም ለብዙ ሳምንት ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድሁ አሬራ በጀሪካን አመጣሁ። አያቴ በርጩማ ላይ ሆነው ያዝዙኛል፤ እኔ አሞቃለሁ፣ አጠላለሁ፣ ነጭ ሽንኩርት እወቅጣለሁ። እያንዳንዱንም ነገር በደብተር እጽፋለሁ። ማሰሮው በተሞላ ቀን በደብተሩ ራስጌ ላይ «የጎጃም መታታ» ብዬ በትልቁ ጻፍሁና አነበብሁላቸው።

አያቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱስ ሐሰት ነው፤ ወተቱ እዚህ የታለበ፣ ሣሩም የዚህ አገር ሣር ነው። ወተቱ የኮተቤ፣ እጁ የጎጃም ብለህ ጻፍ» አሉኝ።

እኔ ስለ ስም ክብርና ስለ ትውልድ ሕግ ብዙ አንብቤ ነበር። አያቴ ግን አንድም መጽሐፍ ሳያነቡ የሕጉን ልብ ያውቁት ነበር፤ ምግብ የተወለደበትን ቦታ በእውነት መናገር አለበት። እንዳሉኝ አርሜ ጻፍሁ። ማሰሮውም ዛሬ በበረንዳ ሳይሆን በወጥ ቤታችን ውስጥ ተቀምጧል፤ በላዩም ስሙና ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበታል። ከእንግዲህ ማንም ቆሻሻ መስሎት አይደፋውም።